የጡት እህትማማቾች መነጽር

እኛ ሰዎች ብዙ ነገር እንችላለን። ሙቀት እንችላለን፤ አሶሳ ውስጥ በበጋ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ልብስ የሰፋ ሰው ይመስክር። መብራት ሲጠፋ እንችላለን፣ ውሃ ሲቋረጥ ጀሪካናችንን ይዘን እንሰለፋለን፣ ባጃጁ ከልኩ በላይ ሲጭን ተጠጋግተን እንቀመጣለን። አንድ የማንችለው ነገር ግን አለ፤ አለማወቅ። የትምህርቱን ማለቴ አይደለም፣ እሱንማ ስንት ዘመን ችለነው ኖረናል። የጎረቤትን ማለቴ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ምን እንደተሠራ፣ ማን እንደመጣ፣ የመጣው ሰው ምን ይዞ እንደመጣ፣ ሲሄድስ ምን ተሸክሞ እንደሄደ ሳያውቅ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው በሰፈራችን ካለ እኔ አላየሁትም። የሰፈራችን አጥር ደግሞ ቀርከሃ ነው። ቀርከሃ ጥሩ አጥር ነው፤ ከብት አያስገባም፣ ነፋስ ያስገባል፣ ወሬ ያስወጣል።

እንግዲህ ለዚህ ሰፈር ነው ሰዎች መጥተው፣ ለልጆቻችሁ ሁለት ዓይነት መነጽር እንሰጣለን፣ የትኛው ልጅ የትኛው እንደደረሰው ግን እናንተም አታውቁም፣ እኛም አናውቅም ያሉት። እስቲ እናንተ ፍረዱ። ለድመት ሥጋ ሰጥቶ አታሽትቺው እንደማለት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። መክሊት የምትባል ልጅ አለችኝ። ሦስተኛ ክፍል እያለች፣ ሰው ትንቃለች የሚል ስም ወጣባት። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሰላምታ የሚነሳ ሰው ከሌባ ይብሳል፤ ሌባ እንኳ ቀድሞ ሰላም ብሎ ነው ኪስ የሚገባው። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች በራችን ላይ እየቆሙ ለባለቤቴ ለዝናሽ አቤቱታ ያቀርባሉ፤ ልጅሽ አይታን አለፈች፣ ልጅሽ ፊቷን አዞረችብን። ዝናሽ ይቅርታ እየጠየቀች ትሸኛለች። በመጨረሻ ሀዋም መጣች።

ሀዋ የአጥር ጎረቤታችን ናት። እኔ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሰዎች ልጅ ነኝ፣ እሷ የአገሩ ተወላጅ፣ በርታ ናት፤ እኛ ቤተ ክርስቲያን እንሳለማለን፣ እሷ መስጊድ ትሰግዳለች። ይህ ሁሉ ልዩነት ዝናሽ መክሊትን ወልዳ በወባ የወደቀች ጊዜ ትርጉም አጣ። ሀዋም ራህማን የወለደችው በዚያው ሰሞን ነበር። በቀርከሃው አጥር ክፍተት ሾልካ ገባችና የእኔን ልጅ ከአልጋ አነሳች፤ ማንንም ሳታስፈቅድ በአንዱ ጡቷ ራህማን፣ በሌላው መክሊትን ያዘች። ዝናሽ ከበሽታዋ እስክትነሳ ድረስ እንዲያ ሆነ። በሀዋ ሃይማኖትም፣ በእኛም ወግ፣ ሁለቱ ልጆች ከዚያ ወዲያ የጡት እህትማማቾች ናቸው። ያቺን የአጥር ክፍተት እስከ ዛሬ የደፈናት የለም፤ እንዲያውም ከመመላለስ ብዛት እየሰፋች ሄዳለች።

የሀዋ አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም፤ በእሷ ዘንድ ሰው ሁሉ አንድ ነው። ያን ቀን ሱቄ በር ላይ ቆማ፣ "የመክሊት አባት፣ ልጄ ዛሬ ገበያ አየኝ፣ አለፈኝ። እኔ ያጠባሁት ልጅ፣ እኔን አያውቅም?" አለችኝ። ልጄ የምትለው የእኔዋን ነው።

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። ማታውኑ መክሊትን አስቀምጬ ስለ ሰላምታ፣ ስለ አስተዳደግና ስለ አያቶቿ ጨዋነት ረጅም ንግግር አደረግሁ። ልጅቱ አዳመጠችኝ። ከማግሥቱ ጀምሮ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ሰላም ማለት ጀመረች። ሰውም ሰላም አለች፣ የቆመ ባጃጅም ሰላም አለች። አንድ ቀን አብረን ስንሄድ፣ እህል ቤት በር ላይ ለቆመ ነጭ ጆንያ አንገቷን ሰበር አድርጋ "እንደምን ዋሉ አባባ" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ማንንም ላለማስቀየም የፈለሰፈችው ዘዴ መሆኑ ነው። ያኔ ነው ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ የመጣው።

ከትምህርት ቤትም ተጠራሁ። ራህማና መክሊት አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ መምህራቸው የሁለቱን ደብተር ጎን ለጎን ዘርግቶ አሳየኝ። መክሊት ሰሌዳው ስለማይታያት ከራህማ ትገለብጣለች። ራህማ ደግሞ ሰሌዳው ስለማይታያት ከመክሊት ትገለብጣለች። ሁለቱ በዚህ ዓይነት ተባብረው፣ በየትኛውም አገር የማይሰጥ የሳይንስ ትምህርት ጽፈዋል። መምህሩ ደግ ሰው ነው፤ አልተቆጣም፣ ሁለቱንም ሆስፒታል ውሰዷቸው አለ።

ጥናቱ የመጣው እኛ ሆስፒታል በምንመላለስበት ሰሞን ነው። ወላጆችን ሰብስባ ያስረዳችን ወጣት የዓይን ሐኪም ነበረች፤ ራሷም መነጽር ታደርጋለች። ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠን ሰማናት። የእነዚህ ልጆች ዓይን ቅርቡን እንጂ ሩቁን የማያየው፣ ወደ ኋላ እየረዘመ ስለሄደ ነው አለች። ልጅ ሲያድግ እግሩም ያድጋል፣ ዓይኑም ያድጋል፤ አንዳንዱ ዓይን ግን ማቆሚያውን ይስታል። ተራው መነጽር ሩቁን ጥርት አድርጎ ያሳያል፣ ዓይኑን ከመርዘም ግን አያግደውም። ስለዚህ ልጁ ባደገ ቁጥር መነጽሩም እየወፈረ ይሄዳል፤ ሲበዛ ደግሞ በጉልምስናው የዓይኑ ውስጠኛ ክፍል ሊጎዳ ይችላል። አሁን የሚሞከረው ልዩ መነጽር መሐሉ ንጹሕ ሆኖ ዙሪያውን ጥቃቅን ነጠብጣብ ያለበት ነው፤ በእነዚያ በኩል የሚገባው ብርሃን ዓይኑን በቃህ፣ አትርዘም ይለዋል ተብሎ ተስፋ ይደረጋል።

እኔ ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ወዲያው ገባኝ። ዘንድሮ ያሳጠርኩትን ሱሪ ለከርሞ ማስረዘም እንጀራዬ ነው፤ እግር ሲሆን ደስ ይላል፣ ዓይን ሲሆን ግን ያስፈራል። መነጽሯ ከዓመት ዓመት እየወፈረ፣ ልጄ ከወፍራም መስታወት ጀርባ ስታድግ፣ ከዚያም አንድ ቀን መስታወቱም ሲያቅተው ታየኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያ ነጠብጣብ ያለው መነጽር ለልጄ እንዲደርሳት እንደተመኘሁት ለራሴ ልብስ እንኳ ተመኝቼ አላውቅም።

ሐኪሟ ግን ቀጠለች። ግማሾቹ ልጆች ልዩውን፣ ግማሾቹ ጥሩ የሆነውን ተራ መነጽር ያገኛሉ፣ በዕጣ። የማን የትኛው እንደሆነ ጥናቱ እስኪያልቅ አይነገርም፤ ሲያልቅ ተራው የደረሳቸውም ልዩው ይሰጣቸዋል። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ።

"እሺ፣ እኛ አናውቅም። አንቺስ?"

"እኔም አላውቅም፣ አባት።"

"ታዲያ ማን ሊያውቅ ነው?"

"ዕጣውን ያወጣው ኮምፒውተር ነው።"

ሽማግሌው መሬቱን በከዘራቸው እየጫሩ ትንሽ አሰቡና፣ "ኮምፒውተሩ የሚማር ልጅ አለው?" አሉ።

በአገራችን ግራ የገባው ስብሰባ ሁሉ የሚያልቀው ኮሚቴ በማቋቋም ነው። የወላጆች ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሊቀመንበር እኔ ሆንኩ። ልብስ ሰፊ ነው፣ የሁላችንንም ልክ ያውቃል ተባለ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ስብሰባ ላይ ከእኔ የበለጠ የተናገረ ሰው አልነበረም፣ በእኛ ዘንድ ደግሞ የተናገረ ይሾማል። ሥራዬ ወላጆች ሕጉን እንዲያከብሩ ማሳሰብ ነው፤ ልጆቹ መነጽሩን ቀኑን ሙሉ ያድርጉ፣ ደጅም ይጫወቱ፣ ማንም መነጽር አይመርምር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዱ የሌላውን እንዳያደርግ። ተነስቼ ስለ ትዕግሥትና ስለ ሳይንስ ተናገርኩ። ተጨበጨበልኝ። ሲጨበጨብልኝ፣ ለመርፌ ቀዳዳ ብዬ በቅርቡ የገዛሁትን የራሴን መነጽር እንዳደረግሁ ስለነበር የሚያጨበጭቡልኝን ሰዎች አላየኋቸውም። የእኔ መነጽር የልጆቹ ተቃራኒ ነው፤ ክርና መርፌ ያሳያል፣ ቀና ካልኩበት ግን ሰውም ባጃጁም ጭጋግ ነው።

መነጽሮቹ መጡ። የሁሉም ልጆች ፍሬም ጥቁር፣ አንድ ዓይነት። መክሊት አድርጋው የወጣች ዕለት ከሆስፒታሉ በር እስከ ቤታችን የመንገዱን ዛፍ ቅጠል በቅጠል እየጠራች ሄደች። ሀዋን ከሩቅ አይታ እየሮጠች ሄዳ ተጠመጠመችባት። ሀዋ አለቀሰች፤ ራህማም በበኩሏ ዝናሽን ከወዲያ ማዶ በስሟ ጠራቻት። ያን ቀን ሁሉም ነገር የበቃን መስሎኝ ነበር።

አልበቃንም። ማግሥቱን ሰፈሩ በሙሉ ነጠብጣብ ፍለጋ ወጣ። መነጽር በፀሐይ ታየ፣ በሻማ ታየ፣ ጫት የሚሸጠው ጎረምሳ በስልኩ መብራት አየ። አንዲት እናት መነጽሩን አስር ጊዜ አገላብጣ ምንም ስታጣበት፣ ድሮም ዕድሌ ነው ብላ ከባሏ ተጣላች። እኔ ሱቄ ቁጭ ብዬ፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ መመርመር ክልክል ነው፣ ሁለቱም ጥሩ ነው እላለሁ። ሰዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኛል። ሲሄዱ ግን፣ እሱ የልጁን አውቆት ነው የሚረጋጋው ይባባላሉ።

ከሱቄ ቀጥሎ ያለው የሐሰን ብየዳ ቤት ነው። ሐሰን የሀዋ ባል፣ የራህማ አባት ነው፤ በርና መስኮት ይሠራል፣ የብረት አልጋም ይበይዳል። ራህማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትቀመጠው እዚያ ነው፤ አባቷ ብረት ሲቆርጥ ፍንጣሪው እየተረጨ፣ እሷ ባላለቀ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ደብተሯን ትሞላለች። ሐሰን የልጁን መነጽር ባየ ቁጥር፣ "ሊቀመንበር፣ እንግዲህ የእኔ ልጅ ዓይኑ ጋሻ አለው፣ አይፈራም" እያለ ይስቃል፤ በአማርኛው እሱም እንደ ሚስቱ ሴትና ወንድ አይለይም።

ወራት እንዲህ አለፉ። አንድ ከሰዓት ሀዋ የታጠበ ነጭ አንሶላ አስጥታ፣ የራህማን መነጽር በአንሶላው ጫፍ ስትጠርግ ፀሐይዋ በመስታወቱ አልፋ አንሶላው ላይ ወደቀች። አንሶላው ላይ ነጠብጣብ ታየ። ጥቃቅን፣ ብዙ። ሀዋ በአጥሩ ክፍተት እየሮጠች መጣች። የመክሊትን መነጽር ተቀብላ በዚያው አንሶላ ላይ ያዘችው፤ አንዲት ነጥብ የለበትም፣ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው።

ደስታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ዝናሽ ቤት ገብታ አለቀሰች። እኔ ተከትያት ገብቼ፣ ተራውም ቢሆን ጥሩ መነጽር ነው፣ ሳይንስ ማለት እንዲህ ነው፣ ለሌሎች ልጆች ጥቅም ሲባል እያልኩ ጀመርኩ።

"ለሌላ ሰው ሊቀመንበር ሁን፣" አለችኝ፣ "ለእኔ የመክሊት አባት ሁንልኝ።"

ሀዋ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። "ዝናሽ፣ አታልቅስ፣" አለቻት። "አንድ ጡት ጠብቶ፣ አንድ መነጽር ቢያደርግ ምን አለው? አንድ ሳምንት ራህማ፣ አንድ ሳምንት መክሊት። ሀላል ነው።"

እኔ አይሆንም አልኩ። ምክንያቱን አንድ በአንድ አስረዳሁ፤ የሁለቱ የዓይን ቁጥር ቢቀራረብም የተሰጣቸው ለየራሳቸው ነው፣ ጥናቱም ይበላሻል፣ ቃልም ገብተናል። ሁለቱ ሴቶች በጨዋነት አዳመጡኝ። ዝናሽ እሺ አለች። ሀዋም እሺ አለች። በትዳር የኖራችሁ ሁሉ ይህን እሺ ታውቁታላችሁ።

ልጄ የራህማን መነጽር እያደረገች መሆኑን ያወቅሁት ከራሷ ነው። "አባዬ፣ ይሄኛው ይጨልማል፣ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ይበታተናል" አለችኝ። ወደ ዝናሽ ዞርኩ። ዝናሽ ሽንኩርቷን ከመክተፍ ቀና ሳትል፣ "መድኃኒት ነዋ፣ መድኃኒት መች ይጣፍጣል?" አለች። ነገሩን ራህማም ተጠይቃ ኖሯል። እሷ ደግሞ የመክሊትን ስታደርግ ጥርት እንደሚልላት ተናግራ፣ በዚያው የመክሊት መነጽር ተራ መሆኑ ተረጋገጠ።

ለሐኪሟ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ብናገር ሁለቱም ከጥናቱ ይወጣሉ፣ ሲወጡ ደግሞ ያ ነጠብጣብ ከልጄ ይርቃል። ዝም ባልኩባቸው ሳምንታት ቀና ብዬ ሰው ማየት አፈርኩ፤ ግን ተራው የመክሊት የሆነ ሳምንት ሲመጣ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር። ያም ሆኖ ወላጆች ሲመጡ ስለ ትዕግሥት መናገሬን አላቋረጥኩም፤ ሹመት የሚባለው ነገር አፍን ከልብ ለይቶ ያሠራል።

የምርመራው ቀን ሁለቱንም ቤተሰብ ያጓጓዘን አንድ ባጃጅ ነው፤ እንዴት እንደገባን አትጠይቁኝ። ሐኪሟ መጀመሪያ መክሊትን አየች፣ ከዚያ ራህማን። የሁለቱም ዓይን ብዙ አልረዘመም አለችና ፈገግ አለች። ቀጥሎ የራህማን መነጽር አነሳች። መስኮቱ ዘንድ ወሰደችው፣ በጣቷ ዳሰሰችው፣ እንደገና ዳሰሰችው።

ሀዋ አላስቻላትም። "ነጥብ ነው። ልዩው ለእኛ ደረሰ" አለች በኩራት።

"ይሄ ነጥብ የሚሻክር ነው፣" አለች ሐኪሟ። "በእሳት የተበላ ነው። ከእናንተ ውስጥ ብረት የሚሠራ ሰው አለ?"

ሁላችንም ሐሰንን አየነው። ሐሰን ኮርኒሱን አየ።

ያን ጊዜ ተነስቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ አንሶላውን፣ የጡቱን ነገር፣ ሳምንቱን ሳምንት መቀያየሩን። የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር መሆኔንም እሷ አልዘነጋችም፣ አንገቷን እየነቀነቀች ጠበቀችኝ። ስጨርስ የራሷን መነጽር አውልቃ በጋውኗ ጫፍ ለረጅም ጊዜ ጠረገች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይቀለኝ ነበር። እነዚህ ሁለት ልጆች ከእንግዲህ በጥናቱ አይቆጠሩም አለች። ሕክምናቸው ግን ይቀጥላል። "ከጥናቱ ከወጡ ደግሞ እኔም የማላይበት ምክንያት የለም" ብላ የመክሊትን መነጽር አነሳችና ወደ መስኮቱ ብርሃን ሰያፍ አድርጋ ያዘችው። ኑ እዩ አለችን።

ተራ በተራ አጎንብሰን አየን። እኔ የመርፌ መነጽሬን አድርጌ አየሁ። መሐሉ ንጹሕ ነው። ዙሪያውን ግን በደቃቅ ወንፊት የታተመ የሚመስል፣ ጥላ የሌለው፣ እንደ ጤዛ የጠራ ነጠብጣብ ቀለበት ሠርቶ ተደርድሯል። ልዩው መነጽር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የልጄ ነበር። ከጎረቤት የለመንነው ነገር ቤታችን ተቀምጦ ነበር፤ እኛ ግን ግማሹን ጊዜ እሱን እየሰጠን የሐሰንን የእሳት ጠባሳ ስንቀበል ከረምን።

ዝናሽ ፈጥና ጠየቀች። ለራህማ ልዩ መነጽር አይሰጥም ወይ አለች። ሐኪሟ ለጥናቱ የመጡት ለተመደበላቸው ልጆች ብቻ መሆናቸውን፣ አሁን በእጇ አንድም ትርፍ እንደሌላት፣ ጥናቱ ሲያልቅ ግን ራህማም እንደምታገኝ ነገረችን። እስከዚያው አዲስ ተራ መነጽር በቡናማ ፍሬም ሰጠቻት፤ ብየዳ ቤት መቀመጡንም ከለከለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "መቀያየር ይቁም። በግማሽ ጊዜ የሚደረግ ልዩ መነጽር የሚሰጠው ግማሽ ጥቅም ነው። ልጅህ ሙሉውን ማግኘት ትችላለች።"

በባጃጁ ተመለስን። ሰፈር ስንደርስ ሀዋ የመክሊትን ጥቁር ፍሬም በእጇ አስተካከለችላት። "ወላሂ፣ እኔ የተቃጠለ ነገር ለልጄ ዓይን ሰጠሁ፣" አለች። "አሁን የእሱ ነው። እሱ ያድርገው።"

ይህን ብላ በዋናው መንገድ ዞራ ቤቷ ገባች። በክፍተቱ አልገባችም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በአጥሩ ክፍተት የተመላለሰ ሰው የለም። ራህማ አንድ ከሰዓት መጣች፤ በዋናው በር አንኳኩታ፣ ግቢ እስክትባል ቆማ ጠበቀች። ይቺ ልጅ በዕድሜዋ በራችንን አንኳኩታ አታውቅም። ዝናሽ ስታያት የያዘችውን ሰሐን አስቀመጠች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዝናሽ ሱቄ መጥታ ከስፌት መኪናው ፊት ተቀመጠች። ምን ልትለኝ እንደመጣች ስላወቅሁ ቀድሜ ተናገርኩ። ሐኪሟ ያለችውን ሰምተሻል፣ ግማሽ ጊዜ ግማሽ ጥቅም ነው፣ የልጃችን ዓይን ነው፣ ዓይን እንደ ሱሪ አይቀደድም አይሰፋም፣ እኔ እፈራለሁ አልኳት። እውነቴን ነው፤ እፈራ ነበር፣ አሁንም እፈራለሁ። ለራህማም ተራዋ ይደርሳታል፣ ጥናቱ እስኪያልቅ ነው አልኳት።

ዝናሽ ሁሉንም ሰማችኝ። "ሀዋ ያኔ ልጄን ስታነሳ፣" አለች ቀስ ብላ፣ "ለራህማ ግማሽ ጡት ቀረ ብላ ለክታ ነበር?"

  ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ስለ ልክ ብዙ አውቃለሁ እል ነበር፤ ይህን ግን በየትኛው ሜትር እንደሚለኩት አላውቅም። እሺ አላልኩም። አይሆንምም አላልኩም። ዝናሽ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። በአጥሩ ክፍተት ሾልካ ስትገባ የቀርከሃውን መንኳኳት ሰማሁ።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ከመኪናው ፊት ተቀምጫለሁ። ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች የሚያልፉት በዚያ መንገድ ነው። ከላይ፣ ከማንጎዎቹ አጠገብ፣ ሁለት ልጆች ተያይዘው ብቅ አሉ። ቡናማው ፍሬም በየትኛዋ ፊት፣ ጥቁሩ በየትኛዋ ፊት እንዳለ ከዚያ ርቀት መለየት እችላለሁ፤ የእኔ ዓይን ለሩቅ ጤነኛ ነው። የሊቀመንበርነት ሥራዬም ይህንኑ ማየት ነው፤ እስከ ዛሬ የሻረኝ የለም።

የመርፌ መነጽሬን ከጠረጴዛው አንስቼ አደረግሁ። ከዚያ ቀና ብዬ መንገዱን አየሁ። ሁሉም ጭጋግ ሆነ፤ ቡናማውም ጥቁሩም። ከጭጋጉ ውስጥ፣ ገና ከሩቅ፣ ሁለት ድምፅ በአንድ ላይ "አባዬ፣ እንደምን አደርክ" አሉኝ። ሁለቱም አይተውኛል ማለት ነው። እኔም ለሁለቱም እጄን አነሳሁ።